ሦስተኛው መስመር

ቅጹን ያረቀቅኩት እኔው ነኝ፤ ሦስት መስመር፣ ሦስት ጥያቄ፤
«ማን ነህ? ምን ትፈልጋለህ? ለምን?» ብዬ፣ ተጠብቤ፣ ተራቅቄ።
ቺሎዬ ደሴት በጀልባ ገባሁ፣ ዝናብ እየመታኝ፣
የባሕሩን ቁጥር ማን እንደሚሻው ጠይቅ ብሎ ቢሮው ቢልከኝ።

አምስት ተንሳፋፊ መለኪያ አለን፤ ሌት ተቀን ይቆጥራል፤
ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ የሞገዱን ቁመት፣ በየአሥር ደቂቃው ይልካል።
ሰንጠረዡ አያልቅም። ዓምዱ ለጉድ ነው።
ከፍቶ የሚያነበው ግን እስካሁን እኛው ነን፣ የሠራነው።

ኤዴልሚራ ኮሊቦሮን ከዳርቻው አገኘኋት፣ ጎንበስ ብላ፣
ከጭቃው ዛጎል ስትቆፍር፣ ቅርጫቷን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ።
ስለ መርዙ መጠን፣ «ማይክሮግራም በኪሎ» ስላት ሳቀች፤
«ልጄ፣ እኔን አንድ ቃል ይበቃኛል፤ ይበላል ወይስ አይበላም?» አለች፤
«እሱም ለዚች ዳርቻ፤ እሱም ዛሬ፣ የሸሸው ባሕር ሳይመለስ።
የወሩ ዘገባችሁ እኮ እዚህ እስኪደርስ
ዛጎሉ ተበልቷል፤
የታመመውም ሰው ወይ ድኗል፣ ወይ ሞቷል።»

ጻፍኩ።
ባውዲልዮ፣ ተማሪ አመላላሹ፣ የጀልባውን ሞተር ሳያጠፋ፣
«እጄ እርጥብ ነው፣ ስልክ አይነካም» አለኝ፤ «በሬዲዮ ንገሩኝ፣ ነፋሱ ሲከፋ።»
እሱንም ጻፍኩ። ሦስቱም መስመር ሞላልኝ፤
ሥራዬ የገባኝ መሰለኝ።

ሲመሽ፣ ጀልባ ሠሪው ሮሳሜል ቺጓይ ቤት ዘለቅሁ፤
ከበሩ ኋላ ቦቲ ጫማ፣ ለሱ እግር የማይበቃ፣ ተሰቅሎ አየሁ።
«የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ነሐሴ ሦስት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል፣
ውሃው ስንት ዲግሪ ነበር?» አለኝ፣ መላጊያውን ይዞ፣ ዓይኑን ከእንጨቱ ሳይነቅል።

«ለምን?» አልኩት። ቅጹ ያስገድደኛላ።
ዝም። የእንጨት ልጣጭ ወደቀ፤ ሌላ፤ ደግሞ ሌላ።

ቦርሳዬ ውስጥ የቢሮው ደብዳቤ አለ፦
«ከአምስት ዓመት ያለፈው ይሰረዝ፣ ጠያቂ ስለሌለ።»

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ረድፉን ፈለግኩት።
«ስምንት ነጥብ ዘጠኝ» አልኩት።
«ስምንት ነጥብ ዘጠኝ…» አጣጣመው፣ እንደ ሰው ስም።
«እንግዲያው፣ ብዙ አልቆየም።»
መላጊያውን መልሶ አነሳ።

በመጀመሪያው መስመር «አባት» ብዬ፣ በሁለተኛው «አንድ ቁጥር» ብዬ ጻፍኩ፤
ሦስተኛውን ተውኩ።
ማሽኑ ግን አልልክም አለ፤ በቀይ ቀለም፦ «ያልተሞላ ቦታ አለ።»
ጣቴ ከቁልፉ በላይ ብዙ ዋለለ።
በመጨረሻ አንዲት ነጥብ አኖርኩበት፤
ዝም ብሎ ወሰዳት።