የምንቃር ሂሳብ

በአዞረስ ደሴቶች፣ ከኖርዴስቴ ጫፍ፣
ደመና ከባሕር ተነሥቶ ሲንሳፈፍ፣
ዴኦሊንዳ ወጣች ቦቲዋን አጥልቃ፣
ገጀራ ታጥቃ፣ ምሳዋን ሰንቃ።
«ወፍ ሳይንጫጫ» ማለት እዚህ ሰዓት አይደለም፤
የሚንጫጫው ጥቂት ነው፤ ቢነጋም ዝም፣ ቢመሽም ዝም።

ፕሪዮሎ ይሏታል፣ ጡጫ የማትሞላ፣
ጥቁር ቆብ ከራሷ፣ አመድማ ገላ፤
ሴቷ ከወንዱ ጋር አንድ ነው ልብሳቸው፣
ከዚህች ጋራ በቀር አገርም የላቸው።
ድምጿን ዜማ አልለውም፤
በር ሲጢጥ እንደሚል ነው፣ ዘይት ናፍቆት ከርሞ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ… ከዚያ ዝም ነው ደግሞ።

የዴኦሊንዳ ቅድመ አያት፣ ቤላርሚኖ የሚሉት፣
ብርቱካን ነበረው ከሸለቆው ፊት ለፊት፤
ዛፉ አቆጥቁጦ እምቡጡ ሳይፈካ፣
ወፏ ቀድማ ደርሳ ስትለቅም፣ ስትረካ፣
ማዘጋጃ ቤቱ አዋጅ አስነገረ፣
ምንቃር ላመጣ ሰው ሳንቲም ቆጠረ።
ደብተሩ ዛሬም አለ፣ ጠርዙን አይጥ በልቶት፦
«ሰኞ አሥራ አራት ምንቃር። ማክሰኞ ዘጠኝ። ዝናብ ነበር።
ሐሙስ ሠላሳ አንድ። ለልጄ ጫማ ገዛሁ።»
ያ ልጅ የዴኦሊንዳ የገዛ አያቷ ነው፤
በወፍ አፍ የተገዛ ጫማ ነው ትምህርት ቤት ያደረሰው።

ብርቱካኑ ታሞ ባንድ ዘመን ደረቀ፤
ጫካውም ለከብት ሣር ተመንጥሮ አለቀ፤
የተረፈውንስ ማን ይብላው? መጥረቢያ?
አይደለም፤ አበባ ነው፣ ያውም የግቢ ማስዋቢያ!
በመርከብ የመጣ፣ የዝንጅብል ዘመድ፣
ቢጫው ከሩቅ የሚጠራ፣ ሽታው ገደል የሚወርድ፣
ሙሽራ የታቀፈው፣ ቱሪስት የናፈቀው፣
ከሥር ግን የጫካውን ጉሮሮ ያነቀው።
ክፉው ክፉ ቢመስል ማን ይቸገር ነበር?
ውብን መንቀል ነው እንጂ የሚያስጨንቅ ነገር።

ይኸው ትቆፍራለች፣ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ፣
ወገቧ «በቃኝ» ሲላት፣ ጣቷ ሥር ሲመርጥ፤
ኪሷ ውስጥ ደብተር አለ፣ ልክ እንደ ቅድመ አያቷ፣
ማታ ትጽፍበታለች በሻከረው ጣቷ፦
«ሰኞ ስድስት ጆንያ ሥር። ማክሰኞ ጉም፣ አልወጣንም።
ሐሙስ አርባ ችግኝ፤ ሁለቱን ነፋስ ነቀላቸው።
የተመለሰ ምንቃር፦ አላውቅም።»

ትናንት እኩለ ቀን፣ ጉሙ ሲከብዳቸው፣
ከላይ ከቅርንጫፍ ድምፅ ተሰማቸው፤
ሲጢጥ።
ሲጢጥ።
ዜፈሪኖ ቀልደኛ ነው፤ ወፍ ማስመሰል ያውቃል፤
ስንቴ አታሏት አብሯት ሲሥቅ ውሏል።
«አንተ ነህ?» አለችው።
እሱ አፉ ሙሉ ነው፣ የበቆሎ ዳቦ ጎርሶ፤
ራሱን ነቀነቀ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ መልሶ።
ሦስተኛውን ጠበቁ። ዳቦው አልታኘከም።
በሩ ተገፍቶ እንደሆን ገና አልታወቀም።