የአውራ ጣት ጥፍር

ውሃ ይቸኩላል።
ይህን የነገሩኝ ሲስተር ብርነሽ ናቸው፣
ሆስፒታሉ መስኮት ሥር፣ ዝናብ ሲያካፋ፤
«የአባትሽ ጉሮሮ በሩን ሳይዘጋ
ውሃው ቀድሞ ሳንባ ይገባል።
ወፈር አድርጊው፣ ያዝግምለት።»

ነጭ ዱቄት ሰጡኝ፣ በትንሽ ከረጢት።
ሳማስለው ቀጠነ፣ ስተወው ረጋ፤
ሲነኩት የሚሮጥ፣ ሲተዉት የሚቆም
የአዘዞ በቅሎ።

ከምን ተሠራ? አልሁ።
ዓይን የማያያቸው ተዋስያን ናቸው አሉኝ፣
የጎመን ቅጠል ጠርዝ የሚያጠቁሩ፤
ስኳር ሲያበሏቸው ሙጫ ይተፋሉ፣
ረጅም ረጅም ክር፤
ክሩ ውሃውን በቀሚሱ ይዞ
«ወዴት ነው?» ይለዋል።
ሳቅ አመለጠኝ። ዕድሜውን ጥቁር ሲያበጅ ለኖረ ሰው
የጎመን አጥቋሪ ውሃ ያዘለት።

አባቴ ጥዑመልሳን የቁም ጸሐፊ ነው፤
ከቀሐ ማዶ ባለች ጓዳው
ጥቀርሻ ይፍቃል፣ ገብስ ያሳርራል፣
የመተማ ሙጫ በጨርቅ ቋጥሮ ይነክራል።
ሙጫ፣ ይለኝ ነበር፣ የግራር ቁስል ነው፤
እንባ ካልገባበት ቀለም ይሸሻል፣
«ሀ» ብለሽ የጀመርሽው ከብራናው ይፈስሳል።
ከዚያ ጠብታ በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አኑሮ
እጄን ያዘነብለው ነበር፤
ከሮጠች፣ «ቀጠነ»።
ከቆመች፣ ዝም።
ምስጋናው ዝምታ ነበር።

አሁን ዝምታው ምስጋና አይደለም።
ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል፣ የሰው ዕቃ ይመስል፤
ቃል ከአፉ ደጅ ደርሶ ይመለሳል።

በሦስተኛው ሳምንት ዱቄቱ አለቀ።
ፒያሳ ያለ መድኃኒት ቤት ሁሉ
«የለም»፣ «ነገ»፣ «ከአዲስ አበባ ከመጣ»።
ሌሊት የቀለም ከረጢቱን ፈታሁ፤
ሙጫው እንደ ቆሎ ተንኳኳ።
ነከርሁ። ጠበቅሁ።
ውሃው ሙጫውን ዋጠና ውሃ ሆኖ ቀረ፤
እፍኝ ጨመርሁ፤ ጣት ላይ ተለጠፈ እንጂ አልከበደም።
ፊደል የሚያቆም ሁሉ ሰው አያቆምም።
አልተቀየምሁትም። ከረጢቱን ግን አጥብቄ አሠርሁ።

ሲነጋ እትዬ ማንጠግቦሽ ተልባ ይዘው መጡ፣
ያልተቆላ፣ ያልተወቀጠ፣
ፍሬው እንዳለ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ።
ፍሬው አላበው፤ ላቡ ክር ሆነ፤
ክሩ ከማንኪያ እስከ ብርጭቆ ተንጠለጠለ።
በነጠላ ጫፍ አጠለልነው፣ ከእጃችን እየሾለከ።
ሲስተር ብርነሽ ማንኪያውን አዘንብለው አዩና
«በጥቂቱ ይሞከር» አሉ።

ወደ አፉ ሳላቀርበው፣
ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅ፣
አንዲት ጠብታ በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አኑሬ
እጄን አዘነበልሁ።
አባቴ አየ።
ዓይኑ ጠብታዋን ተከተለ
ከጥፍሬ ጫፍ እስክታንገራግር፣
እስክትወድቅ።
ግንባሩ ተቋጠረ።
ከንፈሩ ያን የዛገ በር ገፋ፣
ገፋ፣
«ቀ . . . ጠነ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ እልልታቸውን በመዳፋቸው አፈኑ።
እኔ ወደ ማሰሮው ተመለስሁ፣
ተልባ ልጨምር።