ዓይን አፋር

ልጃቸው ከቶሮንቶ መጥቶ፣ በሁለት ቀን ፈቃዱ
አራት ካሜራ ቸንክሮ ተመለሰ በመንገዱ።
አንዱን ከበረንዳው ራስ፣ አንዱን ከጓሮው አጥር፣
ሁለቱን ከጋራዡ ጥግ፤
ነጫጭ፣ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ
ካረጀው የሸክላ ግድግዳ ፍጥጥ ያሉ።

ወይዘሮ ሃሊና ደወሉልኝ።
ዊኒፔግ፣ ሚያዝያ ሊያልቅ፤
ከጥላ ሥር ያለው በረዶ ጠቁሮም አልሞተ ገና።
"እነዚህን አጥፋልኝ" አሉ፣ በምርኩዛቸው እያመለከቱ።
በእንግሊዝኛ ያሉት ቃል ምን እንደነበር እንጃ፤
በኔ ጆሮ ግን የገባው
"ዓይን ያወጡ!" የሚል ነው።

"ማጥፋት አይሆንልኝም፣ መደበቅ ግን አውቃለሁ፤
ከሸክላው ጋር ሸክላ ሆኖ እንዲቀር አደርጋለሁ።"

ሸክላ ቀይ ነው የሚል ሰው ሸክላ አላየም።
አንዱ የበሰለ ጉበት፣ አንዱ የዛገ ቆርቆሮ፣
አንዱ ላይ የከሰል ጥላ ካለፈው ዘመን ተቀብሮ፣
አንዱ ፀሐይ የበላው በርበሬ።
አምስት ጣሳ ቀላቅዬ አንድ ግድግዳ ፈለግሁ።
በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ነጩን ቆዳ አሻሸሁ።
መስተዋቱን እንዳልነካ
እንደ ሳንቲም ክብ ቆርጬ ፕላስተር ለጠፍኩበት፤
ለድምፅ የተተወችውን፣ የመርፌ ዓይን የምታህለውን
በክብሪት እንጨት ደፈንኳት።
(ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።)
ስሱን ቀባሁ፣ ጠበቅሁ። ደግሜ ስሱን ቀባሁ።

በዚያች የፕላስተር ሰዓት ቤቱ ዕውር ሆነ።
ስልካቸው ጮኸ፤ ልጃቸው ነው።
"እማዬ፣ ምን ሆናችሁ? ጨለመብኝ፤
አንቺም ቤቱም የላችሁም።"
"አለሁ" አሉት፣ ከበረንዳው ወንበር ላይ እየሳቁ፤
"እሱን ተወውና እኔኑ አትጠይቀኝም?"

ማታ ፕላስተሩን ላጥኩት።
ወደ መንገዱ ወጥቼ ዞሬ ባየው
ራሴ የቀባሁትን ራሴ አጣሁት።
ዓይን ያወጣው ነገር፣ ዓይን አፋር ሆኖ
ከሸክላው ጉያ ገብቷል።
የፖስታው ሰው ከሥሩ ቆሞ
ተረጋግቶ አፍንጫውን ጎረጎረ።

ሐምሌ ላይ ልጁ ደወለልኝ፤ ኦሬስት ይባላል።
"ያንተ ሥራ ነው?" አለኝ። ሊጣላኝ መስሎኝ ነበር።
"ነጭ ሳለ" አለ፣ "ጠዋት ጠዋት ስትወጣ
ሽቅብ ታየውና በምርኩዟ ትዝትበት ነበር።
አንዳንዴም ምላሷን ታወጣለች።
ባቡር ውስጥ ቆሜ
ያንን ዛቻ ሳላይ ሥራ ገብቼ አላውቅም።
አሁን ረስታዋለች።
የማየው የሻሿን አናት ነው፤ ጀርባዋን፤
ድንች ስትኮተኩት፣ ከሽኮኮ ጋር ስትጨቃጨቅ።
ሁሉን አያለሁ፣ ግን የሚያየኝ የለም።"
ዝም አለ። ቆይቶ፣
"መልሰህ ነጭ አድርገው" አለኝ፣ "አንዱን ብቻ።"

አንድ ግድግዳ፣ ሁለት ጌታ።
የእናትን ትእዛዝ ላፍርስ? የልጅን ናፍቆት ልርገጥ?
ብሩሽ ረስቻለሁ ብዬ ገባሁ።
እሳቸው ጓሮ ሳሉ፣ ባልዲ ገልብጬ ቆምኩና
በቀጭኗ ብሩሽ ጫፍ፣ ከመስተዋቱ ከንፈር በላይ
አንዲት ነጭ ነጥብ አኖርኩ፤
የገብስ ፍሬ አታህልም።
ለማንም አልተናገርኩም።

በማግሥቱ የሆነውን የነገረኝ ኦሬስት ነው።
በሩ ተከፈተ፤ ወጡ፤ ቀና አሉ፤
ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣
"ደግሞ ይቺ ወፍ!" ብለው
ወንበር ጎትተው ቆሙበት።
ጣታቸውን በምራቅ አርሰው
የልጅ አፍ እንደሚጠርግ ሰው
ጠረጉት፣ ጠረጉት፤ አልለቀቀም።

"ውረጂ ከዚያ!" እያለ ባቡር ውስጥ ሲጮህ
መውረጃው አለፈው።
ስልኩን ሞልተውት ነበር፦
አንድ ትልቅ ዓይን፣
የተሸበሸበ አፍንጫ፣
እየቀረበ የሚመጣ አውራ ጣት።