የኦሬስት ደብተር

ኦሬስት ዱዲክ ደብተር ነበረችው፣
በመኪናው ኪስ ውስጥ፣ በላስቲክ ያሰራት፤
ፎርዱ በስንት ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደው
በእርሳስ፣ በጠባብ አምድ፣ ቀን በቀን የጻፈባት።

ሐምሌን ስትገልጣት ደስ ይላል ገጿ፦
በሊትር አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ ተኩል፤
አንዴማ ነፋስ ከኋላ ገፍቶት
አሥራ ሁለት ሊሞላ ጥቂት ሲጎድል።
ጥር ላይ ስትደርስ ቁጥሩ ይከሳል፣
ስምንት። ሰባት ተኩል። እርሳሱ ወረቀቱን ይበሳል።
ከዚያ በቀይ ቀለም፣ ሁለቴ ከሥሩ ተሰምሮ፦
«ክላረንስ ውሃ ቀላቀለ። እንደ አምናው፣ ዘንድሮም፣ እንደ ድሮ።»

እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ የክላረንስ ፔልቲየር ቀጂ፣
ጓንት በጓንት ደርቤ ከፓምፑ ብረት ጋር ተፋጂ።
ኦሬስት ሲመጣ መስኮቱን ጣት በምታህል ከፍቶ
«የሃያ ዶላር፤ ውሃው አይብዛ» ይለኛል፣
ክላረንስን በመስተዋቱ አሻግሮ በዓይኑ ወግቶ።
ክላረንስ ይሰማል። ዝም ይላል።
ከሬጂና ማጣሪያ የመጣለትን ይሸጣል እንጂ ሌላ ምን ያውቃል?
በሳስካቸዋን ሜዳ ላይ ግን ወሬ ከነፋስ ይቀድማል፤
ሦስት ደንበኛ፣ ከዚያ አምስት፣
ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቆ መቅዳት ጀመረ።
ውሃ ሽሽት ስንት ቤንዚን እንደተቃጠለ
የጻፈ ደብተር አልነበረም።

ለገና ዳርሲ መጣች፣ ልጁ፤
ማጣሪያው ላብራቶሪ ውስጥ ቤንዚን የምትመረምር ናት።
ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ገጽ በገጽ ገለጠች፣
ሃያ ሁለት ጥር ቆጠረች፣ ሃያ ሁለት ሐምሌ ለካችበት።

«አባዬ፣ ውሃ አይደለም» አለችው። «ቡቴን ነው፤
የምንጨምረው እኛው ነን።
በዚህ ብርድ ቤንዚን ካልተነነ አይቀጣጠልም፤
ቶሎ የሚተን፣ ቀለል ያለ እንሰጥሃለን፣
የቀላል ነገር ጉልበቱ ግን እንደ ከባዱ አይሆንም።
በሐምሌ ይህንኑ ብንሸጥልህ
ከሰልባቲዮህ ሾልኮ ሰማይ ያቆሽሽ ነበር።

ደግሞ ቤንዚኑ የወሰደብህ ጥቂቱን ነው።
አንተስ? ሞተር አስነስተህ ሩብ ሰዓት ሙሉ
ቤት ገብተህ ካልሲ ትፈልጋለህ፤
ቆሞ የጠጣውን በየትኛው አምድ ጽፈሃል?
ዘይቱ እንደ ማር ረግቷል፣ የጎማው ነፋስ ኮስሷል፤
አየሩም ራሱ፣ አባዬ፣ በብርድ ይወፍራል፣
እየገፋኸው ነው የምትሄደው።»

ኦሬስት መልስ አልሰጠም።
ደብተሩን ሲያስር ላስቲኩ ተበጠሰ፣
ከብርድ ይሁን ከእርጅና እንጃ።
እውነት እያደር ይጠራል ይባላል፤
ቂም ግን እንደ ቤንዚን ነው፣
ክዳኑን ካልከፈቱለት ሃያ ሁለት ዓመት ይቀመጣል።

በሦስተኛው ቀን፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት፣
ጎማው ሌሊቱን በተኛበት ጎን ጠፍጥፎ
እንደ አንካሳ ፈረስ መጣ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።
መስኮቱን እስከ ታች አወረደው።
ብርዱ ሁሉ ጭኑ ላይ ተቀመጠ።
«ሙላው» አለኝ።
ይህን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም።

ክላረንስ ኮፍያ ሳያደርግ ወጣ፣
መለኪያውን ይዞ በረዶው ላይ ተንበረከከ፣
አንዱን ጎማ ነፋ፣ ሌላውን፣ አራቱንም፤
ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ።
ኦሬስት ይቅርታ አላለም፣
ክላረንስም አልጠየቀውም፤
በመስኮቱ ግራና ቀኝ ቆመው ሲተያዩ
የሁለቱ ትንፋሽ እንፋሎት ብቻ
መሃል ላይ ተገናኝቶ ተቀላቀለ።

ዘንድሮ፣ አባቷን ከቀበረች በኋላ፣
ዳርሲ ደብተሯን አሳየችኝ።
የዚያን ሳምንት መስመር ፈለግሁ፤
በእርሳስ ነው፣ ቀይ የለበትም፦
«በሊትር ስምንት። አየሩ ወፍራም።»