አንድ ስንዝር

ኮቼቪዬ ከተማ፣ ከጫካው አፋፍ ላይ፣
ሚሎይካ ትስላለች የማይታየው ሲታይ፤
እኔ ክፈፍ ሠሪ፣ የእንጨት ጠራቢዋ፣
ሱቄ ከሥር ነው፣ ከእግረ ደረጃዋ።

በሸራዋ ዓለም አውሬ ሰው አይፈራም፤
ወጥመድ ብሎ ነገር አንጥረኛ አይሠራም፤
ተኩላው ለሕፃን ልጅ ትራስ ሆኖ ያድራል፤
ጉጉት ለመበለት ጥልፏን ይቆጥራል፤
በአጋዘኑ ቀንድ ሻማ ተለኩሶበት
ሙሽሮች ያልፋሉ እየተመሩበት።

ከሁሉ ግን ያ ድብ፦ ሦስት ወር የፈጀባት፤
አንዲት ሴት ከጎኑ፣ ነጠላ ጫማ እንኳ የሌላት፣
እጇን እስከ አንጓዋ በጸጉሩ ቀብራ፣
ዓይን ለዓይን ገጥማ ስታየው ሳትፈራ።
ቀብድ ተበልቶበት፣ ገዢው ከሉብሊያና
«አላለቀም?» ብሎ ሲደውል እንደገና።

አንድ ሌሊት ታዲያ ከጓሮ ድምፅ ሰማን፤
የቆሻሻውን በርሜል የሚያንከባልል ማን?
ወጣን።
ድብ ነበረ። የእውነቱ፣ ያልተሳለ፣
ጠረኑ የሚከረፋ፣ አንድ ጆሮው የጎደለ፣
የእርጎ ጣሳ ጥርሱ ላይ የሰቀለ።

እኔ ቃል አጣሁኝ፣ ቆሜ ከደረጃ፤
እሷ ግን ወረደች፣ አንድ፣ ሁለት እርምጃ።
እጇ ተዘረጋ፣ ሦስት ወር በቀለም
ጸጉር የዳሰሰ፣ ያልነካው በዚህ ዓለም።

ድቡ ቀና አለ።
አልሮጠም። አልጮኸም።
እንደ ወዳጅ አላያት፣ እንደ ጠላትም፤
ዓይኑ እሷ ላይ ነበር፤
እሷ ግን ዓይኑ ውስጥ አልነበረችም።
አንዴ እፎይ አለና፣ ጣሳውን አራግፎ፣
ገባ ወደ ጥዱ፣ አጥሩን ተደግፎ፤
አጥሩም ወደቀ።

በማግሥቱ ጧት ሸራውን በምላጭ ፋቀች፤
ያችን እጅ ከጸጉሩ ጣት በጣት አወጣች፤
መልሳም ሳለችው፣ የተዘረጋ፣ ባዶ፣
በመዳፉና በድቡ መሃል
አንድ ስንዝር አየር፣ የነጋበት በረዶ።
ለዚያች ለአንድ ስንዝር ሌላ ወር ጨረሰች፤
«ከጸጉር ይከብዳል፣ ምንም የለው» እያለች።

ገዢው መጣ። አየ። ፊቱ ጠቆረበት።
«ፍቅሩስ የት ሄደ?» አለ።
ከማገዶዋ ቀንሳ ቀብዱን መለሰችለት።

አሁን ሱቄ ውስጥ ነው፣ ከመጋዙ በላይ።
ከትምህርት ቤት ሲመጡ ልጆች ይቆማሉ፤
ትንሽ ጣታቸውን በዚያች ክፍተት ይሰዳሉ፣
ከመዳፏ እስከ ጸጉሩ፣ ሲለኩ ይስቃሉ።
ቀለሙ እዚያ ጋ አድፏል፣ ወዝ ይዟል።
«አትንኩ» እላለሁ።
ይነካሉ።