ለእንየው፣ ክረምት ሳይገባ

እንየው፣ መሰላሉን ውሰድ፤ አንድ እርከኑ ላልቷል፣
ከታች ሦስተኛው ነው፣ በሲባጎ ታስሯል፤
ጠርዝ ጠርዙን ርገጥ፣ መሃሉን አትመነው፣
እኔን ሁለቴ ጥሎኛል፣ ጎኔ ነው የሚያውቀው።

አባይ ማዶ ቦታ አገኘሁ ስትለኝ
ደስታው አንድ ሌሊት እንቅልፍ ከለከለኝ፤
በሁለተኛው ሌሊት ፍርሃት ቀሰቀሰኝ።
ጥቁር አፈር እኮ ነው፦ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣
እንደ ሰከረ አማች የያዘውን ሁሉ ይነቀንቃል።
ስለዚህ ዶማው ድምፅ እስኪቀይር፣
«ጭቅ» ማለቱን ትቶ «ቃ» እስኪል ቆፍር።
ጥቁሩን አውጣና ገረጋንቲ ሙላ፤ ውሃ እያጠጣህ ጠቅጥቅ፤
ጎረቤት «መቃብር ነው ወይ?» ቢልህ አትሳቀቅ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የማውቀው ባሬላ ነው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከፊት ላቀች ይዛ፣ ከኋላ እኔ ይዤ፣
ሦስተኛ ፎቅ ድረስ፣ «ቶሎ በይ» ስባል ታዝዤ፣
ሐይቁ ዳር ያሉትን ሆቴሎች ተሸክመናል፤
አልቀው ሲመረቁ ከአጥር ውጭ አይተናል።
ለጉልበቴ ከፈሉኝ። ዓይኔ ያየውን ግን
ይዤው ወጣሁ በነፃ፣ ዘበኛው ሳይፈትሸኝ።

ካስማ ትከልና ሲባጎ ወጥር።
በአንዱ ጎን ሦስት ክንድ፣ በሌላው አራት ለካ፤
ከጫፍ ጫፍ አምስት ከሞላ ማእዘኑ ልክ ነው፣ አትነካካ።
ካልሞላ ካስማውን ንቀል እንጂ ገመዱን ስበህ አታስታርቅ፤
ገመድ ይሉኝታ አለው። ግድግዳ ይሉኝታ አያውቅ።

ባህር ዛፉን ልጠው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፤
የሚቀበር እግሩን እሳት ላይ ለብልበው፤
ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምነህ ቀባው።
ምስጥ በር አያንኳኳም። የኔን ምሰሶ ሲበላው
ላዩ ደህና ነበር፤ አንድ ቀን በጣቴ ብነካው
እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ።

ጭቃውን አታጣድፍ። የጤፍ ጭድ በትንበት፣
ርገጠው፣ ገልብጠው፣ ውሃ አርከፍክፍበት፤
አራት ቀን ይደር። በአምስተኛው ይሸታል፤
ሚስትህ አፍንጫዋን ስትይዝ፣ ያኔ ደርሷል።
ከሐይቁ ዳር ያለውን «በነፃ ነው» ቢሉህ አትጫን፤
የደንገል ሥር አለበት። ሥሩ ሲበሰብስ
ግድግዳህ ወንፊት ይሆናል።

ቆርቆሮ ስትመታ ሚስማሩ ጉብታው ላይ ይረፍ፤
ጎድጓዳውን ከበሳህ ዝናቡ በዚያ ነው የሚያልፍ።
ንፋሱ ከጣና ነው፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው፤
የድርቡን ጀርባ ስጠው፣ ጫፍ እንዳያገኝ የሚያነሳው።
አንድ ዓመት የላቀችን ጣሪያ ነጥቆ
ሰው ጓሮ አስቀመጠው፣ ሙዙን ጨፍልቆ፤
ባለ ሙዙ ካሳ ጠየቀ። ከላቀች! ከነፋሱ አይደለም።

ምርጊቱ ሲደርቅ ስንጥቅ ታያለህ።
አትደንግጥ። ቶሎም አትድፈነው።
እኔ ጋ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ የወረደ አንድ ነበር፣
ይርዳው በሄደ ሰሞን።
ያየው ሁሉ «ልሰኚበት» አለኝ።
እኔ ግን ከልጄ ደብተር አንድ ገጽ ቀድጄ
ስንጥቁን አሻግሬ በሊጥ ለጠፍኩበት፣
በእርሳስ ቀኑን ጻፍኩበት።
ከተቀደደ ቤቱ ገና እየሄደ ነው፤
ካልተቀደደ ተቀምጧል።
ማታ ማታ በባትሪ አየዋለሁ።
ሐምሌ አለፈ። ነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ተነስቼ አየሁት።
በሦስተኛው ክረምት ወረቀቱ ቢጫ ሆነ እንጂ
አልተቀደደም።
ያኔ ለሰንኩት። ከነወረቀቱ።
ቀኑ እዚያው ውስጥ አለ።

ሌላው ቀላል ነው። ቱንቢ ከሌለህ ድንጋይ በክር አንጠልጥል፤
ዋሽቶ አያውቅም ድንጋይ፣ ንፋስ ከሌለ።
መስኮቱን ግን አታጥብብ።
እኔ ብርድ ፈርቼ አጠበብኩት፤
አሁን ሐይቁን ሳምረው በርጩማ ላይ እቆማለሁ።

መሰላሉን ለመስቀል መልስልኝ፣ እንዳትረሳ።
መስኮቴን ላሰፋ ነው።