የውሃ ግማሽ ቀን

በግንቡ ላይ በቀይ ቁጥር ጽፈው ሄዱ፣
መቶ አሥራ ሰባት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ነጎዱ።
"ምንድን ነው ዘሐራ?" አለችኝ ዙወይና፣
ዓይኗ ከደከመ ስድስት ዓመት ሆነና።
(ሰማንያ ሁለት ዓመቷ፤ አንቺ ነው የምላት፤
አረብኛ አንቱ የለው፣ እኔ ምን ልጨምርላት።)
"መንገድ ነው" አልኳት፣ "ስምንት መኪና አቅፎ
ወደ ሶሃር የሚሄድ፣ ጓዳሽን አልፎ።"
ዝም አለች። ቀጥላም፦ "መንገድስ መልካም ነው፣
እኔም ሐኪም ቤቴ በመንገድ ነው ምሄደው።
ግን ማን ጠየቀኝ? ዋጋውስ ስንት ነው?"

ገማቹ ሲመጣ፣ ከመኪናው ሳይወርድ
በመስኮት ቆጠረ፣ ዛፉን እንደ ግንድ፦
"ሠላሳ ስምንት ቴምር፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ አጥር፣
ሎሚዋ ቁጥቋጦ" ሲል ጻፈ በብዕር።
"ከተስማማሽ ፈርሚ፤ ካልተስማማሽ..." ብሎ
ቀሪውን ዋጠና ሄደ ተቻኩሎ።

የዋጣትን ቃል ግን ያወጣት ሒላል ነው፣
ዓሣ ነጋዴው ሒላል፣ ሕግ ማንበብ የሚወደው፦
"ካልተስማማሽ ክሰሺ፣ ቀኑ ሳይደፈን!
ለሕዝብ ብለው መሬት ይወስዳሉ፤ ካሳው ግን
ችሮታ አይደለም፤ ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ይለካል፣
መለኪያው ካነሰ ዳኛ ፊት ይከሰሳል።"

ልጇ ከመስከት ደውሎ ተቆጣ፦
"ደግሞ ከመንግሥት ጋር! ምን ጣጣ ሊመጣ!
ጎረቤት ምን ይላል?"
"ከሒላል በቀር" አለች፣ "ጎረቤት ፈርሞ ወጣ።"

አባቴ ሐርቡ ላይ፣ ማሳው ለሼድ ሲሄድ፣
"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ብሎ
አውራ ጣቱን ነክሮ፣ ወረቀቱን ጠቅልሎ
ወደ ቤት ተመልሷል። እኔ እዚያ ነበርኩ፣
ቀለሙን ከጣቱ በሎሚ ያስለቀቅኩ።

በማግስቱ ረጅም ቀይ ክር ይዘን ወጣን፣
አንዷ በመዳፏ፣ አንዷ በዓይን ለየን።
በየዛፉ ሥር አንድ ቋጠሮ እያሰረች
ስማቸውን ጠራች፤ "ኸነይዚ" እያለች፣
"ነገል፣ ኸሳብ፣ ነገል..." ከዚያ ቆመችና
"ይቺ ፈርድ ናት" አለች፣ ግንዷን ዳበሰችና።
እኔ "ፍርድ" ነው የሰማሁት። ሳቅኩ። ምንድን ነው አለች።
ነገርኳት። ሳቀች። አርባ ሦስት ላይ ቆጠራችን አለቀች።

ከዚያ ወደ ውሃው። "ፈለጅ" ነው የሚሉት፤
የሰፈራችን ቄስ ወንዙን "ፈለግ" ብለው ነው የሚጠሩት፣
በግዕዝ። ቃሉ ወዲያ ወይ ወዲህ ተሻግሮ
ባሕሩን፣ ማን ያውቃል፣ መቼ እንደሁ፣ ድሮ።
በየስምንት ቀኑ ግማሽ ቀን ውሃ አላት፣
ከቅድመ አያት ወርዶ ለሷ የደረሳት።
ለግንድ ሣጥን አለ በገማቹ ፎርም፣
ለአጥር፣ ለጉድጓድ፤ ለግማሽ ቀን የለም።

"በሕግ አምላክ" ሲሉት ይቆም ነበር አሉ
ወራጅ ውሃ እንኳን፣ በኛ አገር፣ ለቃሉ።
እዚህ ቀድሞ ቆመ፤ ዶዘር ቆርጦት ከላይ፣
ቃሉ ገና ሳይወጣ፣ ዳኛው ገና ሳያይ።

ሶሃር፣ ችሎቱ ውስጥ፣ ብርድ ነው፤ ሻርፔን ደረብኩላት።
የመንግሥቱ ጠበቃ ብዙ ነገር ነገራት፣
ስለ ወደቡ፣ ስለ ልማቱ፣ ስለ ጊዜው ጥበት።
"እርስዎስ?" አለ ዳኛው። ክሩን ከከረጢት
ሳበችው፣ ሳበችው፣ ጠረጴዛው እስኪሞላ፣
ከአርባ ሦስት ቋጠሮ አንድ ጉብታ ከኋላ።
"ይቺ ምንድን ናት?" አለ፣ ጉብታዋን ነክቶ።
"ግማሽ ቀን ውሃ ናት።" ቆየ፣ ብዕሩን ገትቶ፤
"እንደገና ይገመት" አለና ቀጠረ።
ይኸው ነው። አልረታን፣ አልተረታን። ነገሩ አደረ።

ስንመለስ ሾፌሩ በአዲሱ መንገድ ሄደ፤
ግማሹ አልቋል። ለስላሳ ነው፤ አንቀላፋች።

ማታ ሐርቡ ደወልኩ፦ "ያ ወረቀት የት ነው?"
"ከመስታወቱ ኋላ" አለ አባቴ። "ምን ሊሆንሽ ነው?"
"ለእንድሪስ ስጠው፤ ቀኑን ያንብብልኝ።"
ወንድሜ ቆየና፦ "ደብዝዟል" አለኝ፣
"ጣቱ ብቻ ነው የሚታየኝ።"

"ወደ መብራቱ ያዘው" አልኩት፤ ጠበቅሁ።